ጅማ ላይ ዮጋን በቤት ጀምሮ ማዝለቅ፦ ክረምቱ ሳይገባ ምክራችሁን እፈልጋለሁ

የሄርማታዋ | ግንቦት 17

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ሲሆን ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበርና ከኮምፒውተር የማያላቅቅ የሒሳብ ሥራ ነው። ወገቤና ትከሻዬ እየደረቁ ስላስቸገሩኝ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ተመርምሬ ነበር፤ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለና ሰውነቴን በየዕለቱ ማፍታታት እንዳለብኝ ተነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ቪዲዮ እየተመለከትሁ ዮጋ መሥራት ጀምሬአለሁ። በሠራሁበት ቀን ወገቤ ቀለል ይለኛል፤ እንቅልፌም የተሻለ ነው፤ ስለ ጥቅሙ ጥርጣሬ የለኝም። የሚያሳስበኝ ማዝለቁ ነው። ለጥቂት ቀናት ተከታትዬ ከሠራሁ በኋላ እንግዳ ይመጣል፣ ወይም የወር መጨረሻ ሒሳብ መዝጊያ ይደርሳል፣ ወይም መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና እስክጀምር ድረስ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

በሰፈሬ የዮጋ አስተማሪ አላገኘሁም። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ልጆችም አሉ። እስካሁን የምሠራው ግቢው ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ነበር፤ የጅማ ዝናብ ግን እንደምታውቁት ገና በበልግ ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ የሚዘልቅ ስለሆነ ከእንግዲህ ግቢው አይታሰብም። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ልምምዳችሁን ያዘለቃችሁ ሰዎች፣ በቀን ምን ያህል ደቂቃ፣ በየትኛው ሰዓትና በምን ዓይነት ቅደም ተከተል እንደምትሠሩ፣ ያለ አስተማሪስ ከየትኛው እንቅስቃሴ መራቅ እንደሚገባ ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


ፊዚዮቴራፒስቱ | ግንቦት 17

እህታችን፣ በፊዚዮቴራፒ ሙያ እዚሁ ጅማ የምሠራ ነኝና ከሙያዬም፣ ለብዙ ጊዜ ከሠራሁት ዮጋም የማውቀውን ልጻፍልዎ። ሐኪም ካዩ በኋላ መጀመርዎ ትክክል ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ መድኃኒት ከመሄዳቸው በፊት እንዲሞክሯቸው ከመከራቸው መንገዶች አንዱ ዮጋ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የደቂቃውን ነገር ላንሣ፤ አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነውና። በስልክ የሚገኙት ቪዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት የሚፈጁ ስለሆኑ፣ ያን ያህል ጊዜ ያጣ ሰው ቀኑን ጨርሶ ይተወዋል። እኔ የምመክረው ሁለት መጠን አስቀድሞ መወሰን ነው፤ አንደኛው የደህና ቀን መጠን ሲሆን 15 ደቂቃ ያህል በቂ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እንግዳ የመጣበት፣ ሒሳብ የሚዘጋበት ወይም የደከሙበት ቀን መጠን ሲሆን 3 ደቂቃ ብቻ ይሁን። ሦስት ደቂቃ ወገብን አይፈውስም፤ ነገር ግን ነገ ተመልሰው ለመነሣት የሚከብድዎትን ነገር ያቀልልዎታል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ96 ፈቃደኛ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አንድ አዲስ ተግባር ያለ ብዙ ማሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ያህል እንደሚፈጅ፣ ከሰው ወደ ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ድረስ እንደሚለያይ አሳይቷል። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አያያዝ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልጎዳውም። ስለዚህ አንድ ቀን ቢያመልጥዎት «ተበላሽቷል» ብለው ሳምንቱን አይተዉት፤ በማግሥቱ ያው ቦታ ላይ ይቁሙ።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው የሚያስፈልገው ነገር ከሌላው ይለያል። መቀመጥ ከዳሌ ፊት ለፊት ያሉትን ጡንቻዎች ያሳጥራል፤ የመቀመጫን ጡንቻዎች ያሰንፋል፤ የላይኛውን ጀርባ ደግሞ ያጎብጣል። ስለዚህ በጀርባ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው አንድ ደቂቃ በአፍንጫ በቀስታ በመተንፈስ ይጀምሩ። ከዚያ በእጅና በጉልበት ተንበርክከው፣ አየር ሲያስወጡ ጀርባዎን ወደ ላይ እያጎበጡ፣ ሲያስገቡ ደረትዎን ወደ ፊት እየከፈቱ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ይመላለሱ። ቀጥሎ አንድ ጉልበት መሬት ላይ፣ ሌላውን እግር ወደ ፊት አድርገው ዳሌዎን ወደ ፊት ገፋ በማድረግ በእያንዳንዱ ጎን 30 ሰከንድ ይቆዩ፤ ለእርስዎ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ጊዜ ባጡ ቀን ይህን ብቻ ቢሠሩ እንኳ ዋጋ አለው። ከዚያ በሆድ ተኝተው መዳፍዎን ከደረትዎ አጠገብ በማድረግ ደረትዎን በጥቂቱ ያንሡ፤ እምብርት ከመሬት አይነሣ። ተገልብጠው በጀርባ ይተኙና እግርዎን አጥፈው መቀመጫዎን ወደ ላይ እያነሡ ያውርዱ። በመጨረሻም ሁለቱን ጉልበቶች ወደ አንድ ጎን፣ ከዚያም ወደ ሌላው ጥለው ወገብዎን ካዞሩ በኋላ ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ይተኙ። ይህን መጨረሻ ላይ የሚደረግ ዕረፍት ሰዎች እንደ ትርፍ ቆጥረው ይዘሉታል፤ እኔ ግን ሌላውን አሳጥሬ እርሱን እንዳቆይ ነው የምመርጠው፤ ሰው ነገ ደግሞ እንዲመለስ የሚያደርገው በዚያ ሰዓት የሚሰማው ዕርጋታ ነውና።

ያለ አስተማሪ ሊርቋቸው የሚገቡ አሉ። በራስ ቅል መቆም፣ በትከሻ መቆምና እግርን ከጭንቅላት በላይ አሳልፎ መሬት ማስነካት የአንገትን አጥንት ያስጨንቃሉ፤ ለወገብዎም አያስፈልጉም። የደም ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ያልሆነ ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ከሚቆይባቸው እንቅስቃሴዎች ሁሉ መታቀብ አለበት። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት በሆድ መተኛትን፣ ሆድን አጥብቆ ማዞርንና በኃይል መተንፈስን ትተው፤ እርግዝናው እየገፋ ሲሄድም በጀርባ ለረጅም ጊዜ አትተኛ። የጡንቻ መዛል ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቢቆይ ያለ ነው፤ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ስሜት ግን የማቆሚያ ምልክት ነው። ከወገብ ተነሥቶ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም ሽንትን መቆጣጠር ማቃት ካለ ደግሞ ዮጋውን ትቶ ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለስላሳ ዮጋ ብቻውን ይህን አይሞላም። ባጃጅ ሳይዙ በእግር መሄድ የሚችሉበት መንገድ ካለ አይተዉት።


አባ ቡና | ግንቦት 18

ከፊዚዮቴራፒስቱ ወንድማችን ብዙ ተምሬአለሁ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ግን የተለየ አሳብ አለኝ። በየቀኑ ይሁን መባሉ ለሁሉም ሰው አይመችም። እኔ የቡና ንግድ ላይ ነኝ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር ሌሊት ተነሥቼ ወደ ገጠር እወጣለሁ፤ ማታ የምገባበትም ሰዓት አይታወቅም። በዚያ ወቅት «በየቀኑ» የሚለው ቃል ሸክም ይሆናል። እኔን ያቆየኝ ዓመቱን በሁለት መክፈል ነው። ከጥር እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ዘለግ አድርጌ እሠራለሁ፤ ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት ግን አስቀድሜ የማውቀው አጭር ልምምድ አለኝ። መኪናው ቡና እስኪጫን ስጠብቅ ቆሜ የምሠራው ነው፤ ሁለቱን እጆቼን ካርጎው ላይ አስደግፌ ወደ ኋላ እየራቅሁ ጀርባዬን እዘረጋለሁ፤ ቁርጭምጭሚቴንና አንገቴን አፍታታለሁ፤ በቃ።

ወቅቱ እንደሚመጣ እያወቅን ሳንዘጋጅለት ስለምንቀር ነው የሚቋረጠው። አንቺም እህቴ፣ የሒሳብ መዝጊያሽ ቀን በየወሩ የታወቀ ስለሆነ ለዚያ ሰሞን የሚሆነውን ከአሁኑ ወስኚ።


ፊዚዮቴራፒስቱ | ግንቦት 18

አባ ቡና፣ በሳምንት ሦስት ቀን ዘለግ አድርጎ መሥራት ለሰውነት መፍታታት በቂ እንደሆነ እስማማለሁ። ጅማትና ጡንቻን ለማለስለስ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ መወጠር ላይ በድምሩ አንድ ደቂቃ ያህል መቆየት ይበቃል። በየቀኑ ያልሁት ልማዱ ገና ላልያዘ ሰው ነው፤ «ዛሬ ቀኑ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ጥያቄ ስለሚያስቀርለት። ልማዱ ከያዘ በኋላ ግን የእርስዎ መንገድ ለነጋዴም ለገበሬም የተሻለ ነው።


እማማ ከጅሬን | ግንቦት 18

ልጄ፣ ዕድሜዬ ከስልሳ አልፏል፤ ጉልበቴም ስለሚያመኝ መሬት መውረድ ይከብደኛል። ዮጋን ያስጀመረችኝ ልጄ ናት፤ በወንበር ተቀምጬ ነው የምሠራው። እጆቼን አየር እያስገባሁ ወደ ላይ፣ እያስወጣሁ ወደ ታች አደርጋለሁ፤ ወገቤን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዞራለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ የወንበሩን መደገፊያ ይዤ በአንድ እግሬ ለመቆም እሞክራለሁ። በአንድ እግር መቆሙን ለእኩዮቼ ሁሉ አደራ የምለው ነው፤ በእኛ ዕድሜ መውደቅ ያስፈራልና። ወንበሩ ግን ጎማ የሌለውና ግድግዳ የተደገፈ ይሁን።

ሰዓቱን በተመለከተ እኔ የያዝሁት ልማድ ለአንቺም ሊሆንሽ ይችላል። ጠዋት ጀበናው ከሰል ላይ ከተጣደ በኋላ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ የእኔ ነው። ቡና በጅማ ቤት የማይቀር ስለሆነ፣ ልምምዱም ከእርሱ ጋር ከተያያዘ ወዲህ አይቀርም። ሰዓት አላይም፤ ስልክም አይቀሰቅሰኝም።


የሄርማታዋ | ግንቦት 18

እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አሳቡ እጅግ ወድጄዋለሁ፤ ሆኖም ቤታችን ውስጥ ቡናውን የምቆላውም የማፈላውም እኔ ነኝ፤ ጀበናውን ትቼ መሬት ላይ ብተኛ ይገነፍላል። ምናልባት ከሰሉን ከማቀጣጠሌ በፊት ይሻል ይሆን?


እማማ ከጅሬን | ግንቦት 18

እንግዲያማ ከማቀጣጠልሽ በፊት ይሁን ልጄ። ከእንቅልፍ ተነሥተሽ ፊትሽን ከታጠብሽ በኋላ፣ ከሰሉን ከመንካትሽ በፊት። ሆድሽም ባዶ ስለሆነ ይመችሻል። እንጀራና ወጥ ከተበላ በኋላ ግን ሦስት አራት ሰዓት ካልቆየሽ ጎንበስ ቀና ማለቱ ቃር ያመጣል። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹ ቡናውን ማፍላት ይልመዱ።


በርጩማ ሠሪው | ግንቦት 19

ስለ ዕቃው ማንም ስላላነሣ ጥቂት ልበል። ጅማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ሦስት እግር በርጩማችን በአገሪቱ ሁሉ የታወቀ ቢሆንም፣ የዮጋ መደገፊያ እንጨት ግን ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው መጥተው ያሠሩኝ። ቁመቱ 23፣ ወርዱ 15፣ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይበቃል። ከአልጋና ከቁም ሣጥን የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ለዚህ ተብሎ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ጠርዙ ይዙር፤ በአሸዋ ወረቀት በደንብ ይለስልስ፤ ቫርኒሽ ግን አይቀባ፤ እጅ ሲያልበው ያንሸራትታልና። ጎንበስ ሲሉ እጅዎ መሬት ካልደረሰ ሁለት ቁራጮች ከእጅዎ በታች ያስቀምጡ፤ መሬቱ ወደ እርስዎ እንደቀረበ ይቁጠሩት።

ይህን ዓይነቱን መደገፊያ በስፋት ያስተዋወቁት ከ1918 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የኖሩት ሕንዳዊው መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ናቸው፤ እንጨት፣ ቀበቶ፣ ወንበርና ግድግዳ እየተጠቀሙ በሽተኛም አዛውንትም እንዲሠራ አድርገዋል። በቀበቶው ፋንታ ነጠላ በርዝመቱ ጠምዝዞ መጠቀም ይቻላል፤ ከጉልበት በታች ለማድረግም የታጠፈ ጋቢ ከማንኛውም ትራስ ይበልጣል። ሰሌን ግን ለቆሙ እንቅስቃሴዎች አልመክርም፤ ሲሚንቶ ላይ ከእግር ሥር ይሸሻል። የስፖርት ማት ካልተገኘ ባዶ እግር በደረቅ ሲሚንቶ መቆም ይሻላል፤ ለመንበርከክና ለመተኛት ብቻ ጋቢውን ያንጥፉ።


ጠባብ ቤት ተከራይ | ግንቦት 19

እኔ የምኖርበት ሰርቪስ ቤት አልጋና ጠረጴዛ ከገቡበት በኋላ የሚቀረው ቦታ አንድ ሰው ተዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ብቻ ነው፤ እንደ ልምዴ ግን ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ዋናው ነገር ቦታው ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ወንበር ማንሣት፣ ጀሪካን ማዛወር፣ ልብስ መሰብሰብ ካስፈለገ ሰው በዚያው ይሰንፋል፤ ስለዚህ ማታ ከመተኛቴ በፊት ወለሉን ጠርጌ ማቱን ከአልጋው ሥር ጫፉ እንዲታየኝ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቪዲዮው ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ልምምዱም አብሮ ይቆረጣል። አንድ ብቻ፣ የማያጣድፍና ግልጽ የሆነ ቪዲዮ ዋይፋይ ባለበት አውርደሽ ያዢ፤ ጥቂት ጊዜ ከሠራሽበት በኋላ ቅደም ተከተሉን በእጅ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊና ስልኩን ተዪው። በየቀኑ አዲስ ቪዲዮ መፈለግ ራሱ ጊዜ ይበላል፤ አንዱን ደጋግሞ የሚሠራ ሰው ግን ሰውነቱ ዛሬ ከትናንት የሚለይበትን ያውቃል። ይህን የምለው ስልኩ የልምምዱ ጠላት የሆነባቸው ብዙ ጓደኞች ስላሉኝ ነው፤ ቪዲዮ ሊከፍቱ ገብተው ሌላ ነገር ሲያዩ ሰዓቱ ያልፋል።


የአጋሮ መንገድ | ግንቦት 20

ከይቅርታ ጋር አንድ ጥያቄ ላንሣ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ኦርቶዶክስ ናቸው። ዮጋ የሌላ ሃይማኖት አምልኮ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ወገቤን ስለሚያመኝ ልጀምረው እፈልጋለሁ፤ ልቤ ግን አላረፈም። እዚህ ያላችሁት ይህን እንዴት ፈታችሁት?


የሌሊት ተረኛዋ | ግንቦት 20

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሰው ልቡ ሳያርፍ የሚሠራው ነገርም አይዘልቅም። ዮጋ መነሻው ከጥንታዊ የሕንድ መንፈሳዊ ሥርዓት መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ዛሬ በየሆስፒታሉና በየስፖርት ቤቱ የሚሠራው ግን በአብዛኛው ሰውነትን ማፍታታትና መተንፈስ ነው። እኔ በምሠራው ውስጥ ዜማ የለም፣ የአማልክት ስም አይጠራም፣ ምስልም የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ቪዲዮ ሲያጋጥመኝ እዘጋዋለሁ። ዩኔስኮም ዮጋን በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ በኅዳር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ጉባኤ ነበር፤ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው። ይህ ግን የሃይማኖት ጥያቄን አይመልስም። ስለዚህ እርስዎ የሚያምኗቸውን ሼኽ፣ ክርስቲያን የሆኑት ጎረቤቶችዎም የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፤ ሲጠይቁም «ዮጋ» ብለው ብቻ ሳይሆን በትክክል ምን ምን እንደሚሠሩ አሳይተው ይሁን። ካልተፈቀደልዎ ያንኑ መፍታታት ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊማሩት ይችላሉ፤ ወገብዎ የሚያገኘው ጥቅም አይቀርበትም።

እግረ መንገዴን ስለ ጾምና ስለ ሥራ ፈረቃ የማውቀውን ልናገር፤ ነርስ ነኝ። ለእኔ «ጠዋት 12 ሰዓት» የሚባል ቋሚ ነገር የለም፤ አንዳንድ ቀን በዚያ ሰዓት ከሥራ እወጣለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እገባለሁ። ስለዚህ ልምምዱን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከድርጊት ጋር አስሬዋለሁ፤ ከሥራ ገብቼ የደንብ ልብሴን ከቀየርሁ በኋላ፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ነው። ከሌሊት ተረኝነት ስመለስ የሚያነቃቃውን ትቼ በጀርባ ተኝቼ እግሬን ግድግዳ ላይ እሰቅልና እተነፍሳለሁ፤ አራት እስክቆጥር አየር አስገብቼ ስድስት እስክቆጥር አስወጣለሁ። ካዞረኝ ወደ ተለመደው አተነፋፈስ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ ቀን ቢሆንም እንቅልፍ ይወስደኛል።

በረመዳን ጠንከር ያለውን ልምምድ ለሌሊት አቆይቶ፣ ከኢፍጣር በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ለስላሳውን ብቻ መሥራት ይሻላል፤ ቀን ሰውነት ውሃ አጥቶ እያለ ላብ የሚያወጣውን አይሞክሩ። በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ቢሠራ ይቀለዋል። በሰሙነ ሕማማት ብዙ የሚሰግድ ሰው ደግሞ ጭኑና ጉልበቱ በቂ ሥራ ስላለባቸው ያን ሳምንት መተንፈሱንና ዕረፍቱን ብቻ ይያዝ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ ክኒን የሚወስድ ሰው ግን እየጾመ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ሳያማክር መሥራት የለበትም፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላልና።


ጠባብ ቤት ተከራይ | ግንቦት 20

ስለ ማታ ልምምድ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ሰፈር ከሰዓት በኋላ በርጫ የተለመደ ነው። ጓደኞቼ ከቃሙ በኋላ ማታ ዮጋ ቢሠሩ እንቅልፍ ያመጣላቸዋል ይላሉ፤ እውነት ነው?


የሌሊት ተረኛዋ | ግንቦት 20

ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍንም ያርቃል። በዚያ ሁኔታ ላይ ጠንካራ እንቅስቃሴ መጨመር ለልብ መልካም አይደለም። በቀስታ መተንፈስና ተኝቶ ማረፍ አይጎዳቸውም፤ ግን የጫቱን ኃይል ያጠፋል ብለው አይጠብቁ። ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሕሙማንን ስለማይ ነው። ልምምዱን ጠዋት ቢያደርጉትና የበርጫውን ሰዓት ቢያሳጥሩት እንቅልፋቸው በእርግጥ ይሻሻላል።


አባ ቡና | ግንቦት 21

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የዮጋ ቀን ብሎ የወሰነው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ነው፤ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ይከበራል። በዓል እናክብር አልልም፤ ነገር ግን ለብቻው የሚሠራ ሰው በወር አንድ ጊዜ እንኳ ከሌሎች ጋር ቢሠራ አቋሙን የሚያይለት ዓይን ያገኛል። ፊዚዮቴራፒስቱ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ጣሪያ ያለው ሰፊ አዳራሽ ከተገኘ፣ ሴቶች እህቶቻችን ለብቻቸው የሚሠሩበት ሰዓትም ከተለየ፣ በዚያ ቀን ብንጀምረውስ?


ፊዚዮቴራፒስቱ | ግንቦት 21

በደስታ እመጣለሁ። ለሴቶቹ ሰዓት ሴት የሥራ ባልደረባዬን እጠይቃለሁ። ሲመጡ አዲስ ነገር ለመማር ሳይሆን፣ ቤት የሚሠሩትን ያንኑ ቅደም ተከተል አሳይተው እርማት ለመቀበል ይምጡ፤ ከዚያ የሚገኘው ጥቅም ይበልጣል።


የሄርማታዋ | ግንቦት 24

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሰሉን ከማቀጣጠሌ በፊት፣ በመኝታ ክፍሉ አልጋና ግድግዳ መካከል ባለው ቦታ ላይ እየሠራሁ ነው። ቦታው ትንሽ ነው፤ እጄን ወደ ጎን ስዘረጋ ግድግዳ ስለሚነካ እጆቼን ወደ ላይ ብቻ አነሣለሁ። ቅደም ተከተሉን ጽፌ ለጥፌዋለሁ። የወር መጨረሻው ሒሳብ በዚህ ሳምንት ስለሚዘጋ እስከዚያ የሦስት ደቂቃውን ብቻ እሠራለሁ፤ እርሱም ዳሌን የሚከፍተው ነው። በርጩማ ሠሪው ወንድሜ፣ ሁለት የእንጨት ቁራጭ ከሰፈሬ አናጺ አዝዣለሁ፤ ቫርኒሽ እንዳይቀባ አስጠንቅቄአለሁ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። በእጅና በጉልበት ስንበረከክ የእጄ አንጓ ያመኛል፤ ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ላይ የሚውል እጅ ስለሆነ ይመስለኛል። ልተወው ወይስ የሚስተካከል ነው?


ፊዚዮቴራፒስቱ | ግንቦት 24

ይስተካከላል። በመጀመሪያ ጣቶችዎን በሙሉ ዘርግተው ክብደትዎ በአንጓው ላይ ብቻ እንዳያርፍ የአመልካች ጣትዎን ሥርና የጣቶችዎን ጫፍ ወደ መሬት ይጫኑ፤ እጆችዎም ከትከሻዎ ትይዩ በታች ይሁኑ እንጂ ወደ ፊት አይራቁ። ካልበቃዎት የማቱን ጫፍ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ከመዳፍዎ ተረከዝ በታች ያድርጉ፤ የአንጓው መታጠፍ ስለሚቀንስ ሕመሙ ይቀላል። ይህም ካልረዳ እጅዎን ጨብጠው በጭብጥ ወይም በክንድዎ ተደግፈው ይሥሩ፤ ጀርባዎ የሚያገኘው ጥቅም አይጎድልበትም። በሥራ ሰዓትም በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ክንድዎን ወደ ፊት ዘርግተው በሌላው እጅ ጣቶችዎን ወደ ራስዎ እየሳቡ ለጥቂት ሰከንድ ይቆዩ። ሌሊት ጣቶችዎ የሚደነዝዙ ከሆነ፣ በተለይ አውራ ጣትና ከእርሱ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ፣ የነርቭ መጫን ሊሆን ስለሚችል ዮጋ እስኪፈውሰው አይጠብቁ፤ መጥተው ይመርመሩ።